ዋይፋዩን ከማጥፋትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ከትምህርት ቤት እንደመጣ ጌም ላይ ይቀመጣል። ጌሙ ሲሰለቸው ዩቲዩብ ላይ ስለ ባቡር ያያል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጌሙ። ሌሊት መቼ እንደሚተኛ አላውቅም፤ ጠዋት ግን አልነሳም ይላል። ባለፈው አባቱ ተናዶ ዋይፋዩን ድንገት ሲያጠፋበት ጮኸ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር አጋጨ። ዘመድ ሁሉ «ሱስ ይዞታል፣ ንጠቁት» ይለናል። ምን ይሻላል?
የተጨነቀች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አይንጠቁት። በተለይ እንደዚያ በድንገት አይሁን።

ያን ምሽት የሆነው ብልግና አይደለም። ብዙ ኦቲስቲክ ልጆች አንድ ነገር ውስጥ ሲገቡ ሙሉ በሙሉ ነው የሚገቡት፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር መዞር ለእነሱ ትልቅ ሥራ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያውም ጨዋታው መሀል ላይ ሲቋረጥ ከአቅማቸው በላይ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ምክርም ቁጣም አይሰማም። ድምፅና መብራት ይቀንሱ፣ ንግግር ያሳጥሩ፣ በጭንቅላቱና በግድግዳው መካከል ትራስ ያስገቡ። ወሬው ለነገ ይቆይ። ራሱን መጉዳቱ ከተደጋገመ ግን ለሚከታተለው ሐኪም ይንገሩ፤ ይሄ በቤት ብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ሱስ ነው ወይ ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና ችግር ተካቷል። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። መቆጣጠር ሲያቅት፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ነገር ሁሉ ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ። ስለዚህ ዘመድ ስለተናገረ ብቻ ልጁ ላይ ስም አይለጥፉበት። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን፣ ስሜቱን ይዩ።

ወደ ጌም መሄዱ ራሱ የሚገርም አይደለም። ጌም ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሰው ፊት ማንበብ አይጠይቅም፤ ድምፁ ከበዛ ይቀነሳል፤ በጽሑፍ ሲያወሩ ለማሰብ ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወንዶች ልጆች በቀን በአማካይ 2.1 ሰዓት፣ ኦቲዝምም ሆነ ትኩረት የማጣት ችግር የሌለባቸው ደግሞ 1.2 ሰዓት ጌም እንደሚጫወቱ አሳይቷል። ጌም ችግር እስኪሆን ከመጫወት ጋር በጣም ተያይዞ የተገኘው ትኩረት ማጣት ነበር፤ ስለዚህ ልጅዎ ኤዲኤችዲም (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) እንዳለበት ካልተመረመረ ያስመርምሩት። ጭንቀትና ድብርትም እንዲሁ። ትምህርት ቤት የሚያስጨንቀው ልጅ ካለ ደግሞ ስልኩን ሺህ ጊዜ ቢቀሙት ችግሩ እዚያው ነው።

እኔ ብሆን ከእንቅልፉ እጀምር ነበር። ያልተኛ ልጅ ራሱን መቆጣጠር የበለጠ ያቅተዋል። ኦቲስቲክ በሆኑ ወንዶች ልጆች ላይ መኝታ ክፍል ውስጥ ጌም ወይም ኮምፒውተር መኖሩ ከትንሽ እንቅልፍ ጋር እንደሚያያዝም ታይቷል። ማታ ስልክ ሁሉ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ፤ የሁሉም ነው ያልኩት፣ የአባቱም ጭምር። እነዚህ ልጆች ሕግ ካሉት ሕግ ነው ብለው ይይዙታል፤ ለእሱ ብቻ የተሠራ ሕግ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል፣ ልክም ነው።

ቀጥሎ አጨራረሱ ነው። «ሁለት ሰዓት ሲሆን ታቆማለህ» ማለት ለብዙ ጌም አይሠራም፤ ሰዓቱ ደርሶ ጨዋታው ላያልቅ ይችላል፣ መሀል ላይ ጥሎ መውጣት ደግሞ ቡድኑን ይጎዳል። እሱን ራሱን ይጠይቁት፦ «ጥሩ ማቆሚያው የት ጋ ነው?» ብዙ ጊዜ በደንብ ያስረዳዎታል። «ከዚህ ጨዋታ በኋላ» ይባባሉ፣ የቀረውን ጊዜ በዓይን የሚያሳይ ሰዓት ቆጣሪ አጠገቡ ይሁን። ዩቲዩብ በራሱ ቀጣዩን ቪዲዮ እንዳያጫውት ያጥፉት፤ ማለቂያ የሌለው ነገር ላይ ማንም ማቆሚያ አያገኝም፣ እኛም ጭምር። ከጌሙ በኋላ ምን እንደሚመጣ ይወቅ፤ ደግሞ የሚጠላው ነገር አይሁን። ስምምነቱን ሁሉም ሰላም በሆነበት ቀን ጻፉት፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በንዴት አይቀየር። ሳህን ላላጠበ፣ ፈተና ለወደቀ፣ ለሁሉም ጥፋት በኢንተርኔት መቅጣትም ይቅር።

በምትኩ «ውጣና ከልጆች ጋር ተጫወት» አይበሉት፤ ምናልባት የሸሸው ያንን ነው። ባቡር ይወዳል ብለውኛል። ካርታ፣ መገጣጠሚያ ሞዴል፣ ሥዕል፣ ሄዶ ባቡር ማየት፣ ከዚያ ይጀምሩ። መጀመሪያ ግን አጠገቡ ቁጭ ብለው ጌሙን ያሳይዎት። ሳይፈርዱ።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው፣ ኦቲስቲክ ነኝ። እናቴ «ኢንተርኔት ላይ ያሉት ጓደኛ አይባሉም» ትለኛለች። እኔ ግን ሌላ ጓደኛ የለኝም። ትክክል ናት?
ሐ.

መልስ፦ ሐ.፣ እዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር አልስማማም። ጓደኝነት በጽሑፍም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ስቱዋርት ደንካን የሚባል ካናዳዊ አባት ለኦቲስቲክ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ኦትክራፍት የሚባል የማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነባበት ጌም) ሰርቨር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ አብሮ መጫወቻ ቦታ፣ የከፈተው ልጆቹ ሳይሰደቡ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ እንዲያገኙ ብሎ ነው።

እሷ የምትፈራው ግን ባዶ ፍርሃት አይደለም። ፎቶ የሚጠይቅሽ፣ ብር የሚልሽ፣ «ለቤተሰብ እንዳትነግሪ» የሚልሽ ሰው ጓደኛ አይደለም፤ ምንም ያህል ደግ ቢመስል። እንዲህ ከሆነ መልስ አትስጪ፣ መልእክቱን አታጥፊ፣ ለምታምኚው ትልቅ ሰው አሳዪ። ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

ሌላው፣ ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ረሃብና ጥም ቶሎ አይሰማቸውም፣ ስክሪን ላይ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። የምግብና የውሃ አላርም ሙዪ። እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ጥሪያትና ከጓደኞችሽ ጋር የምታወሩትን፣ ልታሳዪያት የፈለግሽውን ያህል አሳዪያት፤ ማንነታቸውን ስታውቅ ምናልባት ሐሳቧ ይለወጣል። ካልተለወጠም ይህን ገጽ ስጫት።