ጥያቄና መልስ፦ ሰሞኑን ስለ አጥር የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ አጥር አጥር ይላል። ክረምት ሳይገባ ልጨርስ ያለ ሰው በዝቷል መሰለኝ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ይቅርታ አለብኝ። ባለፈው "አንቺ" ብዬ የመለስኩላቸው እናት ቅር ብሏቸዋል። አቦ፣ የድሬ ልጅ አንቱታ ከየት ያምጣ? ዛሬ እጠነቀቃለሁ።

እዚሁ ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር የጻፈልን ወንድማችን ግቢውን 40 ሜትር በብሎኬት ሊያሳጥር ነው። 3 ግንበኛ ጠይቆ 3 የማይቀራረብ ዋጋ ተነገረው። የትኛው ነው የሚያታልለኝ ይላል።

ምናልባት ማንም አላታለለህም። የብር ቁጥር ግን አልሰጥህም፤ ዛሬ የጻፍኩት የሲሚንቶ ዋጋ አንተ ስታነበው አርጅቷል። ብዛቱ አያረጅም፣ እሱን ያዝ። 40 በ20 ሳንቲ የሆነው ብሎኬት ለ1 ካሬ 12 ተኩል ይገባል። አጥሩ 2 ሜትር ከፍ ካለ ጠቅላላው 80 ካሬ ነው፤ 1,000 ብሎኬት ማለት ነው። ለሚሰበረው 50 ጨምር፣ የበሩን ስፋት ቀንስ። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) በየ3 ሜትሩ ካቆምክ 14 ወይም 15 ይሆናል።

እስከዚህ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። የሚለያዩት መሬት ውስጥ ነው። አንዱ ጠንካራ አፈር እስኪያገኝ ሊቆፍር አስቧል። ሌላው ሁለት ክንድ እንኳ ሳይወርድ ድንጋይ ሊደረድርልህ ይሆናል። ስለዚህ "ስንት?" ከማለትህ በፊት ስንት ጥልቀት፣ ስንት ቁጥር ፌሮ (የብረቱ ውፍረት ማለት ነው)፣ ግንቡን ከላይ የሚያስር የኮንክሪት ቢም አለው ወይ፣ ልስኑ በአንድ ጎን ነው በሁለቱም፣ የተቆፈረውን አፈር ማን ይጭናል ብለህ ጠይቅ። ዋጋው የእጅ ብቻ ነው ወይስ ከነዕቃው የሚለውንም አትርሳ። መልሱን አስጽፈው። ርካሹ ለምን እንደረከሰ ወረቀቱ ላይ ታየዋለህ።

አንዲት እህት ደግሞ ለአጥሯ ነጭ ቀለም ይሻላል ወይስ ክሬም ትላለች።

ክሬም። የድሬን አቧራ ታውቂዋለሽ።

ከገንደ ቆሬ፦ "ለጊዜው በቆርቆሮ ላጥርና ኋላ በብሎኬት እቀይረዋለሁ፣ ያዋጣል?"

"ለጊዜው" የተባለ ቆርቆሮ ልጅ ሲድር፣ የልጅ ልጅ ሲያይ አይቻለሁ። ነውር የለውም፣ አቅም ነው። ግን እንጨቱን እንዲሁ አፈር ውስጥ ብትተክለው ምስጥ ይበላዋል፤ ከዚያ ዋናው ወጪህ በየዓመቱ እንጨት መቀየር ይሆናል። ከቻልክ ቋሚውን ብረት አድርገህ ታቹን በኮንክሪት ሙላው። ኋላ ብሎኬት ስትሠራም ብረቱን ታወጣዋለህ፣ ትሸጠዋለህ። የቆርቆሮውን ጠርዝ እጠፈው፣ ልጆች አሉ።

ሌላው ጠያቂ ግንበኛው "ውሃ አጠጡት" ብሎ እንደሄደ ይናገራልና፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለግንብ ውሃ ማፍሰስ ግፍ አይደለም ወይ ይላል።

ጥያቄህ ገብቶኛል፤ እኔም በጄሪካን የምሰለፍ ሰው ነኝ። ግን ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ከውሃ ጋር ሠርቶ ነው። በኛ ፀሐይ ውሃው ቀድሞ ካመለጠ ግንቡ አመድ ይሆናል፤ በጥፍርህ ትፍቀዋለህ። ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ አርጥበው። እርጥብ ጆንያ ብትጥልበት ውሃ ይቆጥብልሃል። የልብስ እጣቢ ግን አታፍስበት።

ከነምበር ዋን ሰፈር፦ ጎረቤቴ የአጥሩን ግማሽ አልከፍልም አሉ፣ በሕግ ይገደዳሉ?

ሕጉን ጠበቃ ጠይቅ። እኔ የምልህ፣ አጥሩን ካርታህ በሚያሳየው ወሰን ውስጥ፣ በራስህ መሬት ላይ ሥራው። ከዚያ ግንቡ ያንተ ነው፣ ሰላምታውም ይቀጥላል። ወሰኑ ላይ መስማማት ካልቻላችሁ ግን ሳትቆፍር ቀያሽ አስመጣ። ከቆፈርክ በኋላ የሚመጣ ሽማግሌ ብዙ ቡና ይጠጣል።

አሁን ወደ ከበደው ደብዳቤ። ደቻቱ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ከግቢያቸው ኋላ ክረምት ክረምት ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቦይ አለ። ውጭ ያለው ልጃቸው ገንዘብ ልኮ "እማዬ፣ የኋላውን ሙሉ በብሎኬት አጥር አስደፍኚው፣ ጎርፍ አይግባብሽ" ብሏቸዋል። ስንት ያስወጣኛል ነው ጥያቄያቸው።

እማማ፣ አያስደፍኑት። እባክዎ።

የ1998ን ሌሊት እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነበር። ሰው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ መጣ፤ ከ250 በላይ ነፍስ ሄደ። የኛ ከተማ ጎርፍ እኛ ላይ በዘነበው ዝናብ አይለካም። ዴንጌጎ ላይ፣ ከደጋው ዳገት ላይ ይዘንባል፤ እዚህ ኮከብ እየታየ ውሃው ይደርሳል። አሸዋው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ መንገድ ይመስለናል። ገበያ እንዘረጋበታለን፣ ኳስ እንጫወትበታለን፣ አጥር እንስብበታለን። ውሃው ግን የራሱን ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው።

ልጅዎ በቅንነት አስቦ ያላየውን ሒሳብ ልንገርዎ። ከግንብ ኋላ 1 ሜትር ውሃ ሲጠራቀም፣ በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ 500 ኪሎ ይገፋል። 5 ኩንታል ማለት ነው። ውሃው 2 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ በእጥፍ አይጨምርም፤ 4 እጥፍ ሆኖ 20 ኩንታል ይሆናል። የግቢ አጥር ለዚህ አልተሠራም። የተሠራው ለሌባና ለዓይን ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። የኔ የኋላ አጥር 2 ጊዜ ነው የተሠራው። በመጀመሪያው ጊዜ የሠራልኝ ሰው አንዲት ቀዳዳ አልተወም፣ እኔም "ቆንጆ ነው" ብዬ ከፈልኩት። በአንድ ከባድ ዝናብ ከኋላው ውሃ እስከ ወገብ ተኛ። ከዚያ 6 ሜትር ግንብ እንዳለ ተንጋለለ። ከሥሩ የነበረው የውሃ በርሜል ብቻ ነበር፤ እንደ ቆርኪ ጠፍጥፎት አገኘሁት። በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ልጆቼ እዚያው ጥላው ሥር ነበሩ። ግንበኛውን ብደውልለት "ጎርፉ ነዋ!" አለኝ።

እና ምን ይደረግ? ቦዩ ክፍት ይሁን። አጥሩ ቦዩን ሲያቋርጥ ከታች በብረት ፍርግርግ ይለፍ። በቀረው ርዝመት ከመሬት ጠጋ ብሎ ውሃ ማስወጫ ይተውለት፤ በክረምት ፌስታልና ቅጠል ይደፍነዋልና ማጽዳት አለ። ደግሞ ውሃውን ወደ ጎረቤት ቤት የሚመልስ አጥር እንዳይሆን። እርስዎ ቢድኑ ግድግዳው እነሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ሌላው ላይ "ባለሙያ አማክሩ" የምለው ለወጉ ያህል ነው። እዚህ ላይ ግን ለወጉ አይደለም። ከተላከው ገንዘብ መጀመሪያ የሚወጣው ለሲቪል መሐንዲስ ይሁን። ቦታውን በዓይኑ ይይ፤ በስልክ ፎቶ አይሆንም። ለማዘጋጃ ቤትም ሳያሳውቁ ቦይ አጠገብ አይቆፍሩ። ይህን ለልጅዎ ያንብቡለት። እምቢ ካለ እኔን ይውቀስ።

ከሐረር 2 ደብዳቤ አለ። አንዱ ጀጎል ውስጥ የአያቶቹን የድንጋይ አጥር በሲሚንቶ ሊለስን ነው፣ በካሬ ስንት ያስከፍላል ይላል።

ከዋጋው በፊት ፈቃዱ። ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የቅርስ ቢሮውን ሳትጠይቅ የግንበኛ ማንኪያ እንዳታነሳ። ድንጋይና ጭቃ የሆነ አሮጌ ግንብ ደግሞ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ስትመርግበት እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይበሰብሳል፣ ልስኑም ተቆራርጦ ይረግፋል። በኖራ የሚሠሩ ሽማግሌ ፈልግ።

ሁለተኛው ጅብ እንዳይገባ አጥሬ ስንት ሜትር ይሁን ይላል።

ወንድሜ፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ እንኳ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። አጥሩን ተወውና ማታ አጥንት ግቢ ውስጥ አታሳድር።