በብረት ቁልፍ ላይ የተለበጠ መዳብ ለምን ይላጣል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል። «ለተማሪዎቼ ኤሌክትሮሊሲስን፣ ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል የሚካሄደውን ኬሚካዊ ለውጥ፣ በተግባር ለማሳየት አንድ የብረት ቁልፍ በመዳብ ለመለበጥ ሞከርሁ። ኮፐር ሰልፌት በውኃ አሟሟሁና ቁልፉን ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ኔጌቲቭ ጫፍ፣ የካርቦን ዘንግ ደግሞ ከፖዘቲቭ ጫፉ ጋር አገናኘሁ። ቁልፉ ገና ሲነከር ወዲያው ቀላ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጠቆረ፤ በጣት ስነካው ሽፋኑ እንደ ጥላሸት ተነሣ። የሙሙቱ ሰማያዊ ቀለምም ደበዘዘ። ስሕተቴ ምን ላይ ነው?»

መልስ፦ መምህር፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ «ገና ሲነከር ወዲያው» ያሉት ነው። ያ የመጀመሪያው ቅላት ከባትሪው የመጣ አይደለም። ይህን ለማረጋገጥ ሌላ ንጹሕ የብረት ቁልፍ ከምንም ጋር ሳያገናኙ በዚያው ሙሙት ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይንከሩት፤ እርሱም ይቀላል። ብረት ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቅ ሜታል ስለሆነ፣ በሙሙቱ ውስጥ ያሉት የመዳብ አዮኖች (ኤሌክትሮን የጎደላቸው የመዳብ አቶሞች) ሲነኩት ኤሌክትሮኖቹን ይሰጣቸውና ራሱ አዮን ሆኖ ይሟሟል፤ እነርሱ ደግሞ መዳብ ሆነው እላዩ ላይ ይቀራሉ። ተማሪዎችዎ የመተካት አጸግብሮት ብለው የተማሩት ይህንኑ ነው።

ችግሩ በዚህ መንገድ የተቀመጠ መዳብ ጽኑ አለመሆኑ ነው። አንድ የመዳብ አቶም እንዲቀመጥ አንድ የብረት አቶም ከቦታው መነሣት ስላለበት፣ ሽፋኑ የሚያርፈው ሥር ሥሩ እየተቦረቦረ ባለ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በባትሪው ኃይል የሚደረበው መዳብ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የተደረበው በዚህ ልል ንጣፍ ላይ ነውና አብሮ ይነሣል። እኔም ሙያውን ስጀምር የብረት የበር እጀታዎችን በቀጥታ አሲድ ባለበት የመዳብ ገንዳ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ሲወጡ ያማሩ ነበሩ፤ ለማጥራት መወልወል ስጀምር ግን ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፈፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመንከሬ በፊት ምን እንደ ሆነ አጣርቼ ሳላውቅ ወደ ገንዳው አላስገባም።

በሙያው ብረት በመዳብ ሲለበጥ በቅድሚያ ስስ የኒኬል ንጣፍ ይደረግለታል፤ አለበለዚያም መጀመሪያ በሳያናይድ የመዳብ ገንዳ ውስጥ ያልፋል። ሳያናይድ የመዳብ አዮኖችን አጥብቆ ስለሚይዝ ብረቱ በራሱ ጉልበት ሊስባቸው አይችልም። ይህን የጻፍሁት ምክንያቱን እንዲያውቁት ብቻ ነው። ሳያናይድ ብርቱ መርዝ ነው፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝም ገዳይ ጋዝ ይለቃልና ወደ ትምህርት ቤት ከቶ ሊገባ አይገባውም። ለእርስዎ የሚሻለው የሚለበጠውን ዕቃ መለወጥ ነው። ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ የናስ ቁልፍ ወይም ቁራጭ የመዳብ ሳሕን ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የኔ ምርጫ ግን ሁለቱም ጫፍ የተቀረጸ እርሳስ ነው፤ በውስጡ ያለው ግራፋይት መዳብን በራሱ ሊተካ ስለማይችል፣ ያለ ባትሪ ቢነከር ምንም አይታይበትም፤ ኮረንቲ ሲደርሰው ግን ጥቁሩ ጫፍ በዓይን እየታየ ይቀላል። የብረት ቁልፉን ከጎኑ ያለ ባትሪ ቢነክሩት፣ ተማሪዎችዎ በራሱ የሚሆነውን አጸግብሮትና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚገፋውን ለይተው ያዩታል፤ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ወደ መጥቆሩ ልምጣ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለዚህ ሥራ እጅግ ይበዛል። ኮረንቲው ከመጠን ሲያልፍ በካቶዱ፣ ማለት ከኔጌቲቭ ጫፍ ጋር በተገናኘው ቁልፍ፣ ዙሪያ ያሉት የመዳብ አዮኖች ቶሎ ያልቁና ከሩቅ የሚመጡት እስኪደርሱ ድረስ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ጊዜ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ሃይድሮጅን ይሆናል። ሃይድሮጅኑ አረፋ እየሆነ ሲወጣ መዳቡ እየተበታተነ እንደ ዱቄት ይቀመጣል። እኛ እንዲህ ያለውን ሽፋን «ተቃጠለ» እንለዋለን፤ ይሁንና የሙቀት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ መለካት ያለበት ቮልቱ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው ኮረንቲ ነው። ሙሙቱ በማይናወጥበት የክፍል ሙከራ፣ በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.01 እስከ 0.02 አምፔር በቂ ነው። የሁለቱም ፊቱ ስፋት ተደምሮ 20 ካሬ ሴንቲሜትር የሚሆን ቁልፍ 0.3 አምፔር ያህል ይበቃዋል ማለት ነው። ለዚህም አኖዱ (ከፖዘቲቭ ጫፍ ጋር የሚገናኘው) መዳብ እስከ ሆነ ድረስ አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኮረንቲው በዛ ካለ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ማራራቅ ይቀንሰዋል፤ የኮረንቲ መለኪያ (አሚተር) በመሥመሩ ውስጥ ማስገባትዎን ግን አይተዉ።

የቀለሙ መደብዘዝ ከካርቦን ዘንጉ የመጣ ነው። ካርቦን እንደ መዳብ ሊሟሟ ስለማይችል፣ በእርሱ ላይ ውኃው ኤሌክትሮን ይለቅና ኦክስጅን ይወጣል፤ ከካቶዱ በኩል መዳብ ይወሰዳል፤ የሚተካው ግን የለም፤ ሙሙቱ ቀስ በቀስ ወደ ሰልፈሪክ አሲድነት ይለወጣል። በካርቦኑ ፈንታ የመዳብ ሳሕን ቢያስገቡ፣ በካቶዱ ላይ የሚቀመጠውን ያህል መዳብ ከአኖዱ እየሟሟ ስለሚገባ ሰማያዊው ቀለም እንደ ነበረ ይቆያል።

መዳብ በፋብሪካ የሚጣራው በዚሁ ዘዴ መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። 99 በመቶ ያህል ንጹሕ የሆነው መዳብ አኖድ ሆኖ ይሰቀልና ይሟሟል፤ ካቶዱ ላይ 99.99 በመቶ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። እንደ ብረትና ኒኬል ያሉት ኤሌክትሮናቸውን በቀላሉ የሚለቁት ይሟሙና በሙሙቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ወርቅና ብር ግን ሳይሟሙ እንደ ጭቃ ከገንዳው ሥር ይረግፋሉ፤ ኋላም ተለይተው ይወጣሉ። ቮልቴጁ ዝቅ ተደርጎ ስለሚጠበቅ ነው ምርጫው እንዲህ የጠራ የሚሆነው። አሉሚኒየም ግን ከውኃ ሙሙት በዚህ መንገድ ሊወጣ አይችልም፤ ከእርሱ አስቀድሞ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ይቀበላልና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ እርስ በርስ ሳይገናኙ ያገኙት መፍትሔ ውኃውን ጭራሽ መተው ነበር፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድን ክሪዮላይት በተባለ የቀለጠ ማዕድን ውስጥ አሟሙተው በ960 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ኮረንቲ አሳለፉበት። በእርስዎ ቁልፍ ላይ የታየው የሃይድሮጅን ሽሚያ ያንን ሁሉ እሳት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሙከራውን ሲደግሙት በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ 200 ግራም ያህል ሰማያዊውን የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ያሟሙ። መነጽርና ጓንት አድርገው 30 ሚሊ ሊትር ያህል የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውኃው ይጨምሩ፤ ውኃን ወደ አሲዱ መጨመር አደገኛ ነው። አሲዱ ኮረንቲው በቀላሉ እንዲያልፍ ይረዳል፤ ሽፋኑንም ያለሰልሰዋል። በእርሱ ፈንታ የገበታ ጨው መጨመር የሚቀናቸው አሉ፤ አኖዱ ካርቦን ከሆነ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል ይህን አያድርጉ።

የናስ ቁልፉን በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ካሹ በኋላ በዱቄት ሳሙና አጥበው ያለቅልቁት። ከዚያ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ገበር ከሸፈነው ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ እየሠራ ከሸሸ ግን ቅባት አለበትና እንደገና ይታጠብ። የጣት አሻራ ብቻውን ሥራ ያበላሻልና ከዚህ በኋላ በእጅ አይንኩት። ወደ ሙሙቱ ሲያስገቡትም ሽቦው አስቀድሞ ከባትሪው ጋር ተገናኝቶ ይሁን።

የተጠቀሙበትን ሙሙት ወደ ፍሳሽ አይድፉት፤ መዳብ ለዓሣና ለውኃ ውስጥ ሕይወት መርዝ ነው። ስሙን በጻፉበት ጠርሙስ ካስቀመጡት ለብዙ ዓመት ትምህርት ያገለግላል።

በመጨረሻ ቁልፉን ከመንከርዎ በፊትና በኋላ ይመዝኑት። 0.3 አምፔር ለ30 ደቂቃ ሲያልፍ 540 ኩሎምብ ነው፤ ይህን ለፋራዴይ ቋሚ ቁጥር ለ96,485 አካፍለው፣ አንድ የመዳብ አዮን ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚፈልግ እንደገና ለ2 ሲያካፍሉትና በመዳብ አቶማዊ ክብደት በ63.5 ሲያባዙት 0.18 ግራም ያህል ያገኛሉ። በ20 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ሲነጠፍ ውፍረቱ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሚዛኑ ከ0.18 በግልጽ ያነሰ ካሳየ ከኮረንቲው ከፊሉ ሃይድሮጅን አውጥቷል፣ ወይም የተቀመጠው መዳብ ረግፏል፤ ከዚያ በላይ ካሳየ ደግሞ ቁልፉ ገና አልደረቀም።