"ስቶር ኪፐር ሆኜ ቀረሁ" ላልከኝ ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። መልእክትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎችም ስለሚጠቅም ስምህን ትቼ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጠው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ሥራ ስታጣ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ጋር ስቶር ኪፐር ሆነህ ገባህ። ማታ ማታ በስልክህ የትልልቅ መጋዘኖችን ቪዲዮ ታያለህ፤ ሮቦቶቹ መደርደሪያ ተሸክመው ሲመላለሱ ልብህ አብሮ ይሄዳል። አሁን አንድ ሰው "45 ሺህ ብር ክፈልና የኦንላይን የሮቦቲክስ ሰርተፍኬት ያዝ" ብሎሃል። ከእህትህ ተበድረህ፣ ሥራህን ለቀህ ልትጀምር ነው። እናትህ ደግሞ "መሐንዲስ ብዬ አስመርቄህ ዕቃ ቆጣሪ ሆንክ" እያሉ ያዝናሉ። ጥያቄህ አንድ ነው፤ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

ይቅርብህ። ብሩን አትክፈል፣ ሥራህንም አትልቀቅ። ሕልምህን ተው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ያለህበት ቦታ ለዚህ ሕልም ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አላየኸውም፣ የቸገረኝም እሱ ነው።

ቪዲዮው ላይ ካየኸው እንጀምር። እነዚያ ዝቅ ያሉ፣ መደርደሪያ ሥር ገብተው ብድግ አድርገው የሚሄዱት ሮቦቶች መነሻቸው ኪቫ ሲስተምስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2025 ደግሞ በመጋዘኖቹ ያሉት ሮቦቶች 1 ሚሊዮን መድረሳቸውን አስታወቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ድሮ ሠራተኛው ዕቃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ በመደርደሪያዎቹ መሃል ሲመላለስ ይውል ነበር፤ ከሥራ ሰዓቱ ትልቁን የሚበላውም መፈለጉና መራመዱ ነው። ኪቫ ነገሩን ገለበጠው። ሰውየው አንድ ቦታ ይቆማል፣ መደርደሪያው ወደ እሱ ይመጣል።

ሮቦቱ ታዲያ መንገዱን እንዴት ያውቃል? ወለሉ ላይ በየተወሰነ ርቀት ትንንሽ ኮድ ተለጥፏል፤ ከሆዱ ሥር ያለው ካሜራ እሱን እያነበበ ይሄዳል። የትኛውን መደርደሪያ ማንሳት እንዳለበት የሚነግረው ደግሞ ማዕከላዊው ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ ቆም በል። ሮቦቱ ፍሬን ሸራን ከዘይት ፊልትሮ አይለይም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። መደርደሪያ ቁጥር ይህን ያህል ላይ፣ በዚህ ሳጥን ውስጥ፣ ይህ ዕቃ በዚህ መጠን አለ ተብሎ ተመዝግቧል። ምዝገባው ውሸት ከሆነ ሮቦቱ በሚገርም ፍጥነት ባዶ መደርደሪያ ያመጣልሃል።

ይህን በራሴ ያየሁት ነገር ነው። ወደዚህ የምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አስተዳደሩ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የመጋዘን ሶፍትዌር አስገባ። ኮምፒውተሩ 40 ኩሽኔታ አለ ይላል፣ ሄደህ ስታየው 3 ነው። ለካ ማታ ማሽን ሲበላሽ መካኒኮቹ ያለ ወጪ ደረሰኝ ("ሞዴል 22" የሚባለው) ዕቃ ያወጣሉ፣ ነገ እንፈርማለን ይላሉ፣ ነገ አይመጣም። አሮጌው ስቶክ ካርድ ላይ የነበረው ስህተት ሁሉ ቆጠራ ሳይደረግ እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ተገልብጧል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሁሉም ሰው መደርደሪያው ላይ ወደሚሰቀለው የወረቀት ቢን ካርድና ወደ ስልክ ጥሪው ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩም አቧራ ጠጣ። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ሶፍትዌሩን ነበር የረገምኩት። ጥፋቱ ግን የሶፍትዌሩ አልነበረም።

ስለዚህ አውቶሜሽን ከሮቦት አይጀምርም። ከታመነ ቆጠራ ነው የሚጀምረው። ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ሞልቷል፤ ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ዕቃ ለምን እንደሚጎድል፣ ለምን ሁለት ስም እንደሚወጣለት፣ ለምን አንዱ "ቦኮላ" ያለውን ሌላው "ቡሽ" ብሎ እንደሚመዘግበው የሚያውቅ መሐንዲስ ግን ስንት ታውቃለህ? አንተ ኤሌክትሪካል ተምረሃል፣ መለዋወጫ ስቶር ውስጥ ነህ። በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ዕቃ፣ እያንዳንዱ ፓርት ነምበር (የራሱ መለያ ቁጥር) ያለው፣ በቀን ብዙ ትንንሽ ትዕዛዝ የሚወጣበት ቦታ። እነዚያ ሮቦቶች የተሠሩት በትክክል እንዲህ ላለ ችግር ነው። ጅማ ውስጥ ካሉት መጋዘኖች ሁሉ ምናልባት ለመማር የሚመቸው ያንተ ነው። የቡና መጋዘን ውስጥ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አልልህም ነበር። እዚያ 60 ኪሎ ጆንያ በብዛት ይገባል፣ በብዛት ይወጣል። ትርፉ ከፓሌትና ከፎርክሊፍት ነው፤ ኪቫ ዓይነቱ ሮቦት እዚያ ብዙ አይፈይድም።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ምን ታደርጋለህ?

በቅድሚያ አሠሪህን አስፈቅድ። መረጃው የእሱ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ የዕቃው ብዛት በሰው ስልክ ውስጥ መኖሩን ሳይነገረው ቢያውቅ አይወድም፣ እውነቱንም ነው። "ጋሼ፣ ዕቃ ቶሎ እንድናገኝ ላስተካክለው" በለው፤ የሚከለክልህ አይመስለኝም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦታ አድራሻ ስጥ። ረድፍ ሀ፣ መደርደሪያ 3፣ ደርብ 2 ከሆነ "ሀ-03-2" ብለህ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍና ለጥፍ። አሁን ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቀው ያንተ ጭንቅላት ብቻ ነው። አንተ ስትታመም ስቶሩም ይታመማል።

ቀጥሎ በየቀኑ ጠዋት 10 ዕቃ ብቻ ቁጠር። ካርዱ ካለው ጋር ገጠመ ወይስ አልገጠመም? በአምስት ቀን 50 ዕቃ ቆጥረህ 38ቱ ከገጠሙ ትክክለኛነትህ 76 በመቶ ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ሮቦት ቀርቶ ኤክሴልም አይቆምም። ያልገጠሙትን 12 ግን አንድ በአንድ ተከታተላቸው፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። አንዱ ያለ ደረሰኝ ወጥቶ ይሆናል፣ አንዱ በተሳሳተ ስም ገብቶ፣ አንዱ ደግሞ ደንበኛ መልሶት ካርድ ላይ ሳይነሳ። ምክንያቱን ከጎኑ ጻፍ። ከሁለት ወር በኋላ የሚኖርህ ዝርዝር ከዚያ 45 ሺህ ብር ሰርተፍኬት ይበልጣል፤ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስትናገረው ሰው ጆሮውን ይሰጥሃል።

እርምጃህንም ለካ። ለሦስት ቀን እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከመጣ እስክታስረክብ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግብ። በብዛት የሚወጡት ጥቂት ዕቃዎች እንደሆኑ ታያለህ፣ የባጃጅ ፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ እንዲህ ያሉት። እነሱን ወደ በሩ አምጣቸው፣ በዓመት አንዴ የሚወጣውን ወደ ኋላ ውሰደው። ከዚያ መልሰህ ለካ። ይህ ነገር በሙያው ስም አለው፣ ኤቢሲ ትንተና ይባላል፤ አማዞን ጋም ያለ ሮቦት ስቶርም የሚሠራበት ሐሳብ ነው።

ይህ ሲስተካከል ባርኮድ አስገባ። የስልክ ካሜራ ይበቃል። መረጃውን መጀመሪያ በኤክሴል ያዝ፣ በኋላ እንደ ኢአርፒኔክስት ወይም ኦዱ ያለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ላይ የመጋዘን ክፍሉን ሞክር። እንዴት ዕቃ ገቢ እንደሚደረግ፣ እንዴት ቦታ እንደሚሰጠው፣ እንዴት ወጪ እንደሚሆን በእጅህ ከሠራኸው በኋላ ማንኛውም ትልቅ ድርጅት የሚጠቀመው ሥርዓት አይከብድህም።

ወደ ኤሌክትሪካሉ ልምጣ፣ እሱ እንዳይዝግብህ። ብዙ ተመራቂ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሮቦቲክስ ሲባል አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብቻ ይመስለዋል፣ ፒኤልሲ ላይ፣ ማለትም የፋብሪካ ማሽን በሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለውን ሥራ ይንቃል። በአገራችን የሚከፈልበት አውቶሜሽን ግን ዛሬ ያለው እዚያ ነው፤ ኮንቬየር፣ ሴንሰር፣ ሞተር ድራይቭ፣ የጠርሙስ መሙያ መስመር፣ የሲሚንቶ ማሸጊያ። ቡና ማዘጋጃ ውስጥ ያለውን ከለር ሶርተር አይተህ ታውቃለህ? ፍሬው በሰሌዳ ላይ እየፈሰሰ ሲወርድ ካሜራ ያየዋል፣ ቀለሙ የተበላሸውን በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ የአየር ግፊት መትቶ ያወጣዋል። ማየት፣ መወሰን፣ መንካት፤ ሮቦት ማለት ይኸው ነው። የሚጠግነው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ኮዴሲስ የሚባለው የፒኤልሲ ፕሮግራም መጻፊያ በነፃ ይወርዳል፣ ያለ ማሽን ኮምፒውተር ላይ መለማመድ ትችላለህ። እሱን ሳትይዝ ወደ ሌላ አትዝለል።

ከዚያ ሁለት ሴንሰርና አንድ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ገዝተህ ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር ተከትላ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ ሥራ። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስልህ። ፋብሪካ ውስጥ ኤጂቪ የሚባሉት ጋሪዎች መሠረታቸው ይኸው ነው፤ መስመር ወይም ሽቦ ይከተላሉ፣ መንገዳቸው ላይ ጆንያ ብታስቀምጥ ቆመው ይጠብቃሉ። አዲሶቹ ኤኤምአር የሚባሉት ግን በሌዘር ዙሪያቸውን እየለኩ ካርታ ይሠራሉ፣ ጆንያውን ዞረው ያልፋሉ። ይህንን ለመማር የሮቦት ሶፍትዌር መሥሪያው አርኦኤስ 2 እና ሮቦትን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳየው ጋዜቦ አሉልህ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሮቦቱ ኮምፒውተርህ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ በነፃ እያገኘህ ለሰርተፍኬት መበደርህ ነው ያሳዘነኝ። የእህትህን ብር መልስላት፤ የግድ ልታወጣ ካሰብክም ከራስህ ደመወዝ አጠራቅመህ አቅም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ግዛ፣ ጋዜቦ ደካማ ኮምፒውተር ላይ አይራመድምና።

ስለ ባትሪም አንብብ። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር አንዶቨር የሚገኘው፣ ኦካዶ የሚባለው የኦንላይን አስቤዛ ሻጭ ሮቦታዊ መጋዘን በእሳት ወድሟል። መነሻው ከአንድ ሮቦት ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ብልሽት ነበር። ይህ ያንተ ሙያ ነው። ሮቦት በበዛ ቁጥር ቻርጀሩን፣ ኬብሉን፣ የእሳት መከላከያውን የሚያይ ኤሌክትሪሻን ያስፈልጋል።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። ጅማ ውስጥ እነዚያን ሮቦቶች በቅርቡ የምታይ አይመስለኝም። ማሽኑ በዶላር ይገዛል፣ መለዋወጫው በዶላር ነው፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ የብዙ መጋዘን ወለልም እኩል አይደለም። ሮቦት የሚያዋጣው ደመወዝ ውድ በሆነበትና ሌት ተቀን በሚሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ "ሮቦት ኢንጂነር" የሚል ማስታወቂያ እየጠበቅክ አትቀመጥ። የት ልፈልግ ካልከኝ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ ያለውን የካርጎ ተርሚናል ተመልከት፣ እዚያ የጭነት ማንሻውና ማከማቻው በማሽን ነው የሚሄደው። ሞጆ ደረቅ ወደብን፣ የመጠጥና የምግብ ፋብሪካዎችን የጥገና ክፍል አስብ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም እዚሁ ጅማ ቅርንጫፍ አለው፤ መድኃኒት ላይ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል፣ ስለዚህ የምዝገባው ጥንቃቄ ከመለዋወጫ ይበልጣል፣ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ማመልከቻህ ላይ "ተመራቂ" ብቻ ብለህ አትጻፍ። "የስቶር ትክክለኛነትን ከዚህ ወደዚህ አሳደግኩ፣ ዕቃ ማውጫ ጊዜን ከዚህ ወደዚህ ቀነስኩ" ብለህ ጻፍ። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፣ ስትጠየቅ ደብተርህን አውጣ።

አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር፣ "ይህን ሥራ ብማር የሰው እንጀራ ልነጥቅ አይደል?" ብለህ። ጥያቄህን ወደድኩት፣ ቀላል መልስ ግን የለኝም። ከለር ሶርተር ሲገባ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ሥራ ይቀንሳል፣ ይህን መካድ አልችልም። በሌላ በኩል 60 ኪሎ በጀርባው ተሸክሞ መኪና ላይ የሚወጣውን ጫኝና አውራጅ ወገቡ በስንት ዓመቱ እንደሚያልቅ አይቻለሁ። አማዞን ራሱ ያን ሁሉ ሮቦት ይዞ ዛሬም ከ1 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ አለው፤ የተለያየ ቅርጽ ያለውን ዕቃ አይቶ፣ ጨብጦ፣ ሳይሰብር ማንሳት ለማሽን አሁንም ከባድ ነው። አንተ ውሳኔ የምትሰጥበት ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ ከባዱን ሸክም ለማሽን ስጥ፤ ሰዎቹንም ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት አሠልጥናቸው። ስቶርህ ውስጥ ያለው ወዛደር ከአሁኑ ባርኮድ ማንበብ ቢለምድ ምን ይከብዳል? አሳየው።

ለእናትህ ደግሞ ነገሩን በቃል አታስረዳቸው። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ሰዓት ስቶሩን አሳያቸው፣ አንድ ፓርት ነምበር ይጥሩልህ፣ አንተም በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምጣላቸው።

የመጀመሪያውን 50 ዕቃ ቆጥረህ ስትጨርስ ስንቱ እንደገጠመ ጻፍልኝ። 20ም ቢሆን አትፈር፣ እኔ የሠራሁበት ፋብሪካ ከዚያ አይሻልም ነበር። ያልገጠሙበትን ምክንያት አብረህ ላክልኝና ከየትኛው እንደምትጀምር አብረን እናያለን።