እንስሳው ወይስ እራት ጠረጴዛው? ስለ ዘመኑ የጃፓን ልቦለድ ጥያቄና መልስ

ተራ የቤት ኑሮ መሃል ጉድ ስለሚያስገቡ የጃፓን ደራሲያን የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መጻሕፍቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይገኛሉ።

ከየትኛው ልጀምር?

ከሂሮኮ ኦያማዳ «ጉድጓዱ»። ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ በ2014 መጀመሪያ አኩታጋዋ የተባለው ታዋቂ የጃፓን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጥቶታል። አሳ የባሏ ሥራ ወደ ገጠር ሲዛወር የኮንትራት ሥራዋን ትታ ትከተለዋለች። ከአማቶቿ አጠገብ፣ ያለ ኪራይ ይኖራሉ። አንድ ቀን አማቷ ሂሳብ እንድትከፍልላት ትልካታለች። መንገድ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ጥቁር እንስሳ አይታ ስትከተለው ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች። ጉድጓዱ በልኳ የተቆፈረ ይመስላል።

አንብቤ ጨረስኩ፣ እንስሳው ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ምንድን ነው?

ደራሲዋ ስም አልሰጠችውም፤ አንተም እሱን በመፍታት አትድከም። ይልቅ ቤቱን እይ። አማቷ በሰጠቻት ፖስታ ውስጥ ያለው ብር ሂሳቡን አይሞላም። አሳ ከራሷ ጨምራ ትከፍላለች፣ ትንፍሽ አትልም። ባሏ ስልኩ ላይ እንደተደፋ ነው። የባሏ አያት ዝናብ እየዘነበ አትክልት ያጠጣሉ። ማንም «ምን ጉድ ነው?» አይልም። እኔን ከእንስሳው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ኪራይ ስለማትከፍል ቅር የመሰኘት መብት እንኳ የሌላት ሴት ናት። እንስሳውን ባይጨምሩበት ይህንን ሁሉ «የትዳር ነገር ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

ለምንድን ነው ትዳር ላይ የሚበረቱት?

የጃፓን ሕግ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያስገድዳል። ስሟን የምትተወው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። በ2016 መጀመሪያ የአኩታጋዋ ሽልማት ባገኘው የዩኪኮ ሞቶያ ሥራ ላይ ሚስትየዋ ፎቶ ስታስተካክል ፊቷ የባሏን ፊት እየመሰለ መምጣቱን ታያለች። ባልየው ከሥራ ሲመለስ ቴሌቪዥን ፊት ይዘረጋል፤ ዘና ሲል ፊቱ ቦታውን ይለቃል። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» እያለ ላደገ አንባቢ ይህ ታሪክ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

የሚያስቅስ የለም?

አለ፣ የኤሚ ያጊ ልቦለድ። በ2020 ዳዛይ ኦሳሙ የተባለውን ሌላ የጃፓን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። ሺባታ በክፍሏ ብቸኛዋ ሴት ናት፤ ቡና ማፍላትና ስኒ ማንሳት እሷ ላይ ወድቋል። አንድ ቀን ስኒዎቹ ሲሰለቿት «እርጉዝ ነኝ፣ የቡናው ሽታ ያመኛል» ትላለች። ነጭ ውሸት! ከዚያ ወንዶቹ ራሳቸው ያነሳሉ፤ እሷ በጊዜ ወጥታ እራቷን ተረጋግታ ታበስላለች። ሆዱ ግን እያደገ መሄድ አለበት፤ ልቦለዱ የሚያስጨንቀው እዚህ ጋ ነው።

ይህ አጻጻፍ አዲስ ፋሽን ነው?

አይደለም። ሂሮሚ ካዋካሚ በ1996 የአኩታጋዋ ሽልማት ያገኘችበትን ታሪክ አንብቢው። አንዲት ሴት እባብ ትረግጣለች። ማታ ቤቷ ስትገባ እባቡ ሴት ሆኖ እራት ሠርቶ ይጠብቃታል፤ «እናትሽ ነኝ» ይላታል። እሷም ቁጭ ብላ ትበላለች።