«ብወድቅስ?» ያለችው ልጅ

ጥያቄ

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። አባታችን ሲሞት 17 ዓመቴ ነበር። ፕሪፓራቶሪ ገብቼ 11ኛ ክፍል ጀምሬ ነበር። ትምህርቴን ትቼ ጣና ላይ ጀልባ ሥራ ገባሁ፤ ቱሪስት ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልስ ነበር። ቱሪስት ሲጠፋ ባጃጅ ያዝኩ። ጓደኞቼ ዓረብ አገር እንሂድ ሲሉኝ ቀረሁ። የምወዳትን ልጅም ሳላገባ ቀረሁ። ይህን ሁሉ የሆንኩት ለታናሽ እህቴ ስል ነው።

እህቴ አሁን 14 ዓመቷ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው የምትወጣው። ዘንድሮም ሚኒስትሪ ተፈትና ከትምህርት ቤቷ ከፍተኛውን አመጣች። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት እንድትወዳደር ፎርም አወጣሁላት፣ ጉርድ ፎቶ አስነሣኋት። ከዚያ የ8ኛ ክፍል ካርዷ ጠፋ። ቤቱን ገለባብጠን አጣነው። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ራሷ በጋዜጣ በለበደችው ደብተር ሽፋን ውስጥ አገኘሁት። ደብቃው ነው። በጣም ተናደድኩ። «ዕድሜዬን የፈጀሁት ላንቺ ብዬ ነው!» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም።

ፎርሙን አስገብቻለሁ፣ የመግቢያ ፈተናውም ደርሷል። እናታችን «ተዋት» ትላለች። እሷ ስኳር አለባት፤ ጠዋት ጠዋት መርፌዋን የምትወጋት እህቴ ናት። እኔ ግን ይህ ዕድል እንዲያልፋት አልፈልግም። አንድ ማታ «ብወድቅስ?» ስትለኝ እንኳን «ትምህርቴን ያቆምኩት አንቺ እንድትወድቂ ነው?» ብዬ አበረታትቻታለሁ። ምን ጎደለባት? እንዴት ላሳምናት?»

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። በ17 ዓመትህ የቤት አባወራ ሆነሃል። አባት የሞተበት ቤት ሳይበተን እዚህ የደረሰው ባንተ ትከሻ ነው። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ቀጥሎ ከምጽፈው አንዳንዱ ሊመርህ ይችላል፤ ሲመርህ ይህን አስታውስ።

ስጋትህም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። በነዚሁ ዓመታት ብዙዎቹ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን በሙሉ ወይም አብዛኞቹን ሲያሳልፉ አይተናል። በዚያ ላይ በክልላችን ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሲቀጥል የከረመበት ጊዜ ነው። ጎበዝ እህት ያለው ወንድም እንዲህ ያለውን በር ቢያንኳኳ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ በትምህርት ቤቱ አልከራከርህም። የምከራከርህ «እንዴት ላሳምናት?» በሚለው ነው።

በደብዳቤህ ውስጥ ያጣሁትን ልንገርህ። ጀልባውን፣ ባጃጁን፣ የቀረብህን ስደት፣ ያላገባሃትን ልጅ ጽፈሃል። እህትህ ምን እንደምትወድ ግን አልጻፍክም። ከቤት ወጥታ አዳሪ መግባትን ስታስበው ምን እንደሚሰማትም የለም። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ከእሷ አፍ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ብወድቅስ?» የሚለው። እሱንም ያነሣኸው እግረ መንገድህን፣ እንዳበረታታሃት ለማሳየት ነው። እኔን ግን እዚያ ላይ አስቆመኝ።

መጀመሪያ ስለ ካርዱ ትንሽ ልበል። ይህች ልጅ ካርዱን ልትቀደው ትችል ነበር። ምድጃ ውስጥ ልትጨምረው ትችል ነበር። አልጨመረችውም። በገዛ እጇ በለበደችው፣ በየቀኑ በምትይዘው ደብተር ሽፋን ውስጥ አኖረችው። በደንብ እንዲጠፋ የፈለገችውን ነገር እንዲህ ታስቀምጣለች? ሳላነጋግራት እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን እንደማስበው መሄዱን ጨርሶ አልጠላችውም። የጠላችው ተፈትኖ መውደቅን ነው። ካርዱ ቢጠፋና ምዝገባው ቢያልፍ ማንም «ወደቀች» አይላትም። «ካርዷ ጠፍቶባት ነው እንጂ ታልፍ ነበር» ይባልላታል።

ይህ የእህትህ ብቻ ጠባይ አይደለም። ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ ሰጧቸው፤ ለከፊሎቹ የሰጧቸው ግን መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር። ከዚያ «ጎበዞች ናችሁ፣ ጥሩ ሠርታችኋል» አሏቸው። ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሩ በፊት ከሁለት መድኃኒቶች አንዱን እንዲመርጡ ተደረገ። አንዱ አእምሮን ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል የተባለ ነው። ለምን እንደተመሰገኑ ያላወቁት፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ወደሚያደነዝዘው አዘነበሉ። ቢወድቁ የሚያመካኙበት አገኙ ማለት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «አንደኛ ናት» ስትባል ያደገች ልጅም ከሌሎች አንደኞች ጋር ልትፈተን ስትል ተመሳሳይ መውጫ ብትፈልግ አይደንቀኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ብወድቅስ?» ስትልህ የጠየቀችህ ስለ ፈተናው ይመስልሃል? የፈተናውን ነገር እሷ ካንተ በላይ ታውቀዋለች። የጠየቀችህ ስለ እናንተ ስለ ሁለታችሁ ነው። «ብወድቅ አንተ ዘንድ ምን እሆናለሁ? ያው እህትህ ነኝ ወይስ የባከነ ድካምህ?» ነው ያለችህ። አንተም መለስክላት። «ትምህርቴን ያቆምኩት አንቺ እንድትወድቂ ነው?» አልካት። አንተ ስታበረታታት ነበር። እሷ የሰማችው ግን የፈራችውን መልስ ነው።

እስቲ በእሷ ቦታ ሆነህ አስበው። ያንተ 11ኛ ክፍል፣ ያንተ ትዳር፣ ያንተ ወጣትነት በእሷ ስም የተመዘገበ ዕዳ ሆኗል። ፈተናው ደግሞ የመክፈያው ቀን ነው። ብትወድቅ ከሳሪ ያደረገችህ እሷ ናት። ብታልፍስ? ብታልፍም አያልቅም። 9ኛ ከገባች 12ኛ ይመጣል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ «ዶክተር ሆነሽ እናትሽን ታሳክሚያለሽ» ይመጣል። የ14 ዓመት ልጅ በዚህ ሁሉ ላይ «አልፈልግም» ወይም «ፈራሁ» ማለት ከየት ትችላለች? ደብተሯን የሚገዛላትን፣ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበትን ወንድሟን በምን አፏ ትቆጣዋለች? መናገር ያልቻለ ልጅ ካርድ ይደብቃል። ካርዱ ሲገኝበት ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ አሁን በእጇ የቀረች ብቸኛ «እምቢ» ናት። በጉልበት ብታስጥላት የምታገኘው እሺታ የልቧ አይሆንም።

በምክር ክፍል ውስጥ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ፈተና ሲደርስ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው፣ ሲያጠኑ አድረው ፈተናው ላይ ሁሉ ነገር የሚጠፋባቸው ልጆች አብዛኞቹ ሰነፎች አይደሉም። ብዙ የተከፈለላቸው ልጆች ናቸው። በተለይ የተከፈለው በየቀኑ የሚነገራቸው። ወላጅ ወይም ታላቅ ሲደክምላቸው ልጆች ያያሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። ስንነግራቸው ግን ለፍቅራችን ዋጋ እንደለጠፍንበት ይሰማቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በረጋ ልብ እንድታስብልኝ እፈልጋለሁ። አባታችሁ ሲሞት እህትህ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ትምህርትህን አቁም ያለችህ እሷ አይደለችም። ያስቆመህ የአባትህ ሞት ነው፤ የቤት ኪራይ ነው፣ የእናትህ ሕመም ነው፣ ድህነት ነው። ሞትን መክሰስ አይቻልም፣ ድህነትንም ጠርቶ «ዓመቶቼን መልስልኝ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሐዘንህ አጠገብህ ወዳለችው፣ ወደምትወዳት ልጅ ዞረ። ደብዳቤህን ሳነብ ለእሷ ብቻ አልነበረም ያዘንኩት። 10ኛን አልፎ ፕሪፓራቶሪ የገባ፣ ደብተሩን አስቀምጦ ጀልባ ላይ የወጣ የ17 ዓመት ልጅ አየሁ። ለእሱ ማን አለቀሰለት? ሁሉም ሰው «ጎበዝ፣ የቤቱ ምሰሶ» ብሎት አልፏል። አባቱንም ትምህርቱንም በአንድ ጊዜ ያጣ ልጅ መሆኑን ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም። አንተም ራስህ የተቀበልከው አይመስለኝም። አሁን እህትህን እንድትቀመጥበት የምትገፋት ወንበር በከፊል የዚያ ልጅ ወንበር ነው። የእሱን እጦት እሷ ልትሞላው አትችልም። ዶክተር ብትሆንም አትሞላውም።

ይህን ያልኩት መስዋዕትነትህን ለማሳነስ አይደለም። የከፈልከውን አንተ እንደ ራስህ ምርጫና እንደ ራስህ ሐዘን ስትይዘው እሷ ነፃ ትሆናለች። ነፃ የሆነች ልጅ ደግሞ የተሻለ ትፈተናለች ብዬ አምናለሁ፤ ቃል ግን አልገባልህም። ውጤቷ እንዲሻል ብለህ ብቻ ከያዝከው ያው ዕዳው በሌላ በር ይመለሳል።

አሁን ምን ላድርግ ትለኝ ይሆናል። በቅድሚያ ለጥያቄዋ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ስጣት። ቁጭ አድርገህ ትልቅ ስብሰባ አታድርገው፤ ልጆች ስብሰባ ሲሆን ይዘጋሉ። ባጃጁ ውስጥ አጠገብህ ተቀምጣ ይሁን፣ ቡና ተፈልቶ ይሁን፣ ቀለል ባለ ሰዓት እንዲህ በላት፦ «ያን ቀን ብወድቅስ ብለሽኝ ነበር። የመለስኩልሽ ልክ አልነበረም። ብትወድቂም ብታልፊም እህቴ ነሽ። ትምህርቴን ያቆምኩት አባባ ስለሞተ እንጂ ባንቺ ምክንያት አይደለም።» ከዚህ በላይ አትጨምርበት። በተለይ «ግን» ብለህ አትቀጥል። «ግን ብታልፊ ደስ ይለኛል» ካልካት ከ«ግን» በፊት ያለው ሁሉ ይሰረዝባታል።

ከእናታችሁ ጋር የተያያዘውንም ሳልጠቅሰው አላልፍም። «መርፌዋን የምትወጋት እህቴ ናት» ብለህ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። አዳሪ ስትገባ ጠዋት ጠዋት ማን ይወጋል? ይህን ያልጠየቀች ይመስልሃል? ልጆች ከቤት መውጣትን ከሚፈሩባቸው ምክንያቶች አንዱ «እኔ ባልኖርስ?» የሚለው ነው። ስለዚህ መርፌውን አንተ ተማር። አቅራቢያህ ያለ ጤና ጣቢያ አሠራሩን ያሳይሃል፤ ልኩን፣ የሚወጋበትን ቦታ፣ ስኳሯ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ጠይቅ። እህትህም ሥራውን ስትረከባት በዓይኗ ትይ። ከብዙ ማሳመኛ ይልቅ ይህ የሚያረጋጋት ይመስለኛል። ያኔም «አልሄድም» ካለች ቢያንስ የእናቷ ነገር አይደለም የያዛት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መፈተኑንም መሄዱንም እንድትወስን ዕድል ስጣት። ተፈትና ብታልፍ እንኳን ሳትሄድ ልትቀር እንደምትችል ካሁኑ ንገራት፣ ከልብህም ይሁን። 14 ዓመት ከቤት ርቆ ለማደር ለአንዳንዱ ልጅ ይበቃል፣ ለአንዳንዱ ገና ነው። ጎበዝ ተማሪ መሆንና ከእናት ተለይቶ ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባሕር ዳር ቀርታ መማር ቢሆን ምርጫዋ መንገዱ ይከብዳት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጉልበትህ ለዚያ ያስፈልግሃል።

ስለ ራስህ ትምህርት ደግሞ አንድ ጥያቄ ልተውልህ። የእህትህን ፎርም ሞልተሃል፤ ያንተንስ? ገና 27 ዓመትህ ነው። የማታ ትምህርት አለ፣ በግል ተፈትኖ የጨረሰም ብዙ ሰው አለ። ባጃጅ እየነዱ መማር ቀላል ነው አልልህም። ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ግን አንድ ቀን ቢጠየቅ ደስ ይለኛል።

በደብዳቤ የምሰጠው ምክር ልክ አለው። የእህትህን ድምፅ አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ባንተ በኩል ነው። ዝምታዋ ከቀጠለ፣ ምግብና እንቅልፍ ከቀነሰች፣ ወይም «ምን ዋጋ አለኝ» የሚል ንግግር ከሰማህባት ሳትውል ሳታድር ወደ ባለሙያ ውሰዳት። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ። ነገሩ ያን ያህል ካልከፋ ደግሞ ከትምህርት ቤቷ መምህራን የምትቀርበውን አንድ ሰው ፈልግ፤ ላንተ የማትለውን ለእሱ ልትል ትችላለች። አንተም ብቻህን ከአንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር ፊት ለፊት ብትቀመጥ እመርጣለሁ፤ ስለ እህትህ ሳይሆን ስለ አባትህ ለማውራት። እህትህን መጀመሪያ ቀን ስታናግራት ምንም ላትመልስልህ ትችላለች። አትጫናት፣ መልስ እንድትሰጥህ አትጠብቃት። የተናገርከውን ሰምታዋለች፤ እውነት መሆኑን ግን ጥቂት ሳምንታት ታይህና ነው የምታምነው።