ስለ ሽንት ቱቦ የጠየቃችሁኝ

ቤት ለቤት እየሄድኩ ታካሚዎችን የምረዳ ነርስ ነኝ። ሽንት በራሱ አልወጣ ሲል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ካቴተር (ቀጭን የሽንት ማውጫ ቱቦ) አስገብተው ፊኛቸውን ባዶ የሚያደርጉ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው እንዲጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። ከረጢት ይዞ ስለሚቀመጠው ቱቦ ሳይሆን አስገብተን ወዲያው ስለምናወጣው ነው።

ጥያቄ፦ አባቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። ሰዓቱ ሲደርስ "ሳይመጣኝ ለምን ትነካኪኛለሽ?" ይሉኛል። አንዳንዴ ብናልፈው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ እባክሽ አትለፉት። ስሜቱ የደከመ ፊኛ "ሞላሁ" ብሎ አይናገርም። አብዛኛው አዋቂ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ማውጣት አለበት፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣውም ከ500 ሚሊ ሊትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ፊኛ ሲወጠር ግድግዳው በቂ ደም አያገኝም፣ ጀርም መከላከልም ያቅተዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በታጠበ እጅና በንጹህ ቱቦ ቶሎ ቶሎ ማውጣት ይሠራል፤ የኦፕሬሽን ክፍል ዓይነት ንጽህና የግድ አይደለም። ለጥቂት ቀናት በመለኪያ እየለካሽ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፊ። ሁልጊዜ ከ500 የሚያልፍ ከሆነ ወረቀቱን ለሐኪማቸው አሳዪና ሰዓቱን አቀራርቡት። ሽንት ይቀንስ ብለሽ ግን ውሃ እንዳትከለክያቸው።

ጥያቄ፦ ቫዝሊን መቀባት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። በውሃ የሚታጠበውን ጄል ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ግማሽ መንገድ ከገባ በኋላ ድርቅ ይልብኛል። ልግፋው?

መልስ፦ በፍጹም! በጉልበት የተገፋ ቱቦ ያቆስላል፣ ቁስሉም ሲድን የሽንት መውጫ ቧንቧውን ያጠብባል። ብልትህን ወደ ሆድህ ቀና አድርገህ ያዝ። መግፋቱን እዚያው ላይ አቁምና በረጅሙ ተንፍስ። ጡንቻው ሲላላ ቀስ ብሎ ይገባል። የምረዳቸው አንድ አባት ቱቦውን ሲያዩ ትከሻቸው ጆሯቸው ጋ ይደርሳል። ስለ ልጆቻቸው እያወራን ትከሻቸው እስኪወርድ እጠብቃለሁ፤ ያኔ ያለ ችግር ይገባል። እንቢ ካለህ አውጥተህ ትንሽ ቆይተህ ሞክር። አሁንም ካልሆነና ፊኛህ ከሞላ ወደ ሕክምና ሂድ። ያልተገረዝክ ከሆንክ ስትጨርስ ሸለፈቱን ወደ ቦታው መልስ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ነኝ። ቱቦው ይገባል፣ ሽንት ግን የለም።

መልስ፦ ምናልባት ወደ ማህፀን በር መንገድ ገብቶ ይሆናል። አይዞሽ፣ የተለመደ ነው። እንዳታወጪው! ምልክት ይሁንሽ። አዲስ ቱቦ ይዘሽ ከእሱ ትንሽ ከፍ ብለሽ ሞክሪ፤ መስታወት ይረዳል። የተሳሳተውን ቱቦ ግን መልሰሽ አትጠቀሚበት።

ጥያቄ፦ ሽንቴ ደፈረሰ። አንቲባዮቲክ ልግዛ?

መልስ፦ ብቻውን ደፈረሰ ተብሎ አይዋጥም። ቱቦ በሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ደም ከተጨመረበት ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጀርባ አጥንቱ ላይኛው ክፍል ተጎድቷል። አንድ ቀን ስናረፍድ ኃይለኛ ራስ ምታት ያዘው፣ ፊቱ ቀላ፣ አላበው።

መልስ፦ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጉዳቱ ከደረት መሃል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የሞላ ፊኛ የደም ግፊትን በአንዴ ሊያንረው ይችላል። ቀና አድርገሽ አስቀምጪው፣ ቀበቶውን ፍቺ፣ ወዲያው ሽንቱን አውጪ። ቶሎ ካልተሻለው አምቡላንስ ጥሪ። ለሚመጡት ባለሙያዎች ጉዳቱ የት እንደሆነና ሽንቱን መቼ እንዳወጣሽ መጀመሪያ ንገሪያቸው።