ብየዳ አውቃለሁ፤ ሳሌዥያን ልግባ?

ከፉሪ የላክልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜህ 22፣ ሙያህ ብየዳ። መካኒሳ ዶን ቦስኮ፣ ሳሌዥያን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ግቢ፣ ኳስ ልትጫወት ሄደህ አንድ መነኩሴ ቱታ ለብሶ ልጆችን መበየድ ሲያስተምር አየህና «እንደሱ መሆን አማረኝ» አልክ። እናትህ ደግሞ «ማን ሊጦረኝ ነው?» ብለው አለቀሱ።

ያየኸው «ወንድም» የሚባለው ነው። ሳሌዥያን ሁሉ ቄስ አይደለም፤ ክህነት ሳይቀበሉ ያንኑ የድህነት፣ የንጽሕናና የታዛዥነት መሐላ የገቡ ወንድሞች አሏቸው። ጣሊያናዊው ቄስ ዶን ቦስኮ ማኅበሩን ቱሪን ላይ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ ከዚያ በፊትም ግን ከሙያ ለማጅ ልጆች ጎን ነበር። በ1852 ለአንድ አናጢ ተለማማጅ አብሮ የፈረመው ውል አለ፦ አሠሪው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንዳይቀጣ፣ በበዓል ቀን እንዲያሳርፈው። እኛ ሰፈር ስንት ጋራዥ ውስጥ ዛሬም በተፈረመ! ስለዚህ ብየዳህን በር ላይ ጥለህ አትገባም።

ደመወዝ ግን የለም። የሠራህበት ገንዘብ የማኅበሩ ነው፤ ጫማህ ሲያልቅ ጠይቀህ ይገዛልሃል። ነገ ዲላ ወይም ዝዋይ ሂድ ቢሉህ ሻንጣህን ታነሣለህ። ለእናትህ በየወሩ የምትልከው አይኖርህም፤ ይህን ዛሬውኑ በግልጽ ንገራቸው። እህትህ ትምህርቷን እስክትጨርስ ቤቱ በምን እንደሚኖር ሳትነጋገሩ ማመልከቻ አትጻፍ።

ደግሞ ማሽኑን የገዛህበት ዕቁብ አለ። ቀድመህ በልተሃል፣ ገና ሰባት ወር ትጥላለህ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ መክፈል የማይችለው ዕዳ ያለበትን ሰው አለቆች እንዳይቀበሉ ይከለክላል።

መሐላውን በተመለከተ አትደንግጥ፣ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። መጀመሪያ አብረሃቸው ትኖራለህ፤ ከዚያ ቢያንስ 12 ወር ኖቪሺየት፣ ማለትም ከመሐላ በፊት ያለው የመሰናዶና የሙከራ ጊዜ፤ ቀጥሎ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ጊዜያዊ መሐላ፤ የዘላለሙ ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜያዊው ሲያበቃ አልቀጥልም ብሎ መውጣት ነውር የለውም፣ ሙያህም አብሮህ ይወጣል። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ እንደዚህ ረጅም የሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ቀጣሪ ግን አላየሁም።

ልጆችን ማስተማሩን ብቻ ከሆነ የወደድከው፣ ሳትመነኩስም አሠልጣኝ ሆነህ ልትቀጠር ትችላለህ። ማታ ወርክሾፑ ሲዘጋ ከእነዚያው ሰዎች ጋር አንድ ማዕድ መቅረቡ፣ ያለ ሚስት፣ ያለ ልጅ፣ እሱ ያስደስትሃል ወይ? እስከ ሰኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ አግዛቸውና እየው። አንዱን ቅዳሜ እናትህንም ይዘሃቸው ሂድ። ማሽኑን ለጊዜው አትሽጥ።